ለእያንዳንዱ ቤት የራሱ መስመር፦ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
ግልባጭ፦ ቋሚ ብሮድባንድ ለሚያቀርቡ ድርጅቶች የኔትወርክ ክፍሎች

ጉዳዩ፦ የቤት ኢንተርኔት መስመሮች በድርብ ቪላን ታግ ተለይተው እንዲዋቀሩና እንዲመዘገቡ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የባለሥልጣኑ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

የደንበኞች ትራፊክ የሚያርፍባቸውን ራውተሮች በማዋቀር የምተዳደር የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። ጥያቄዬን በቅድሚያ ላስቀምጥ። ለቤትና ለአነስተኛ ንግድ የሚዘረጋ እያንዳንዱ የኢንተርኔት መስመር ከደንበኛው ቤት እስከ አቅራቢው ራውተር ድረስ ከማንም ጋር የማይጋራው የራሱ የታግ ጥንድ፣ ማለትም ሁለት ተደራራቢ መለያ ቁጥሮች፣ ይኑረው። ጥንዱም ከውሉና ከቤቱ አድራሻ ጋር ተመዝግቦ ይቀመጥ። ይህ በአቅራቢዎች ፈቃድ ውስጥ ግዴታ ሆኖ እንዲገባና በቴክኒክ ቁጥጥራችሁ እንዲፈተሽ እጠይቃለሁ።

ነገሩ ከመሐንዲሶች ክፍል የማይወጣ ሊመስል ይችላል። ወደ እናንተ ያመጣሁት ሁለት ሕጎችን አስቤ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይዘው እንዲያቆዩ ያስገድዳል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ስለ ሰው የተያዘ መረጃ ትክክለኛ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ይህን የማስከበሩን ሥልጣንም ለእናንተው መሥሪያ ቤት ሰጥቷል። ፖሊስ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ «በዚህ ሰዓት ይህን አይፒ አድራሻ ይጠቀም የነበረው ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ አቅራቢው የሚሰጠው ስም የአንድ ቤተሰብን በር ያስንኳኳል። ያ ስም ትክክል መሆን አለመሆኑ የሚወሰነው መስመሩ በኔትወርኩ ውስጥ በምን ተለይቶ እንደቆየ ነው። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ሞደም ይሸጣል፣ ይዋሳል፣ ቤት ሲለቀቅም አብሮ ይሄዳል። ግድግዳ በስቶ የገባ ፋይበር ግን ከቤቱ አይነቃነቅም፤ መለያውም እሱን ተከትሎ መሰጠት አለበት።

ከባለሙያዎቻችሁ ውጪ ያሉ አንባቢዎችም እንዲከተሉኝ አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። ቤት ውስጥ የምትተከለው ትንሽ ሳጥን ኦኤንቲ ትባላለች፤ በፋይበር ከማዕከሉ ኦኤልቲ ጋር ትገናኛለች። በጂፖን ቴክኖሎጂ ከኦኤልቲው የሚወጣው አንድ ፋይበር መንገድ ላይ በማከፋፈያ ተሰንጥቆ ለ32 ወይም ለ64 ቤቶች ይደርሳል። ከዚያ የቤቶቹ ትራፊክ በማሰባሰቢያ ስዊቾች አልፎ ብዙ ሺህ ደንበኞችን በአንድ ላይ የሚያስተናግድ ራውተር ላይ ያርፋል። ይህን ራውተር በሙያችን ቢራስ ወይም ቢኤንጂ እንለዋለን። ደንበኛው ማንነቱ የሚጣራው፣ አይፒ አድራሻ የሚሰጠውና የገዛው ፍጥነት የሚመጠንለት እዚህ ነው።

ራውተሩ ላይ የደረሰ አንድ ፍሬም (የኢተርኔት ዳታ እሽግ) ከየትኛው ቤት እንደመጣ የሚነግረው ቪላን ታግ ነው። ይህ ታግ 802.1ኪው በተባለው መስፈርት የተደነገገ የ4 ባይት ጭማሪ ነው። ከ4ቱ ባይት ለቪላኑ ቁጥር የተተወው 12 ቢት ብቻ ስለሆነ የሚገኙት ቁጥሮች 4096 ናቸው፤ 0 እና 4095 ለሌላ ተግባር ስለተያዙ ለሥራ የሚቀሩት 4094 ይሆናሉ። ይህ ለአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ይተርፋል፣ ለአንድ ክፍለ ከተማ ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ የጸደቀው 802.1ኤዲ በታግ ላይ ሌላ ታግ እንዲደረብ የፈቀደው እንዲህ ያለውን ጥበት ለማስወገድ ነው፤ እኛ ኪው-ኢን-ኪው እንለዋለን። የውጪው ታግ ኦኤልቲውን ወይም በኦኤልቲው ላይ ያለውን ካርድ ይለያል፣ የውስጡ ደግሞ ቤቱን። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የኖረ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ 302 ቁጥር በየብሎኩ አለ፣ ብሎክ 14 ቁጥር 302 ግን አንድ ቤት ብቻ ነው። 4094 በ4094 ሲባዛ 16,760,836 ይመጣል። ስለዚህ ቁጥር አልቆብን ነው ቤቶችን ያጋራነው የሚል ምክንያት ተቀባይነት የለውም።

ያኔ ዲኤስኤል ፎረም ይባል የነበረው የአሁኑ ብሮድባንድ ፎረም እ.ኤ.አ. በ2006 ቲአር-101 የተባለውን ሰነድ ሲያወጣ ለኢተርኔት መዳረሻ ኔትወርክ ሁለት አደረጃጀቶችን አስቀምጧል። በአንደኛው ብዙ ቤቶች አንድ ቪላን ይጋራሉ። በሁለተኛው እያንዳንዱ ቤት የራሱን ይይዛል፣ በውጪ ታግ ተጠቅልሎም ወደ ራውተሩ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ቲአር-156 ይህንኑ ወደ ጂፖን አምጥቶታል። ሰነዶቹ ሁለቱንም ይፈቅዳሉ። እኔ ለኢንተርኔት ትራፊክ ሁለተኛው ግዴታ ይሁን የምለው በጋራ ቪላን ላይ የሚሆነውን በዓይኔ ስላየሁ ነው።

በአንድ የአፓርታማ ግቢ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ነዋሪ ዋይፋዩ መኝታ ክፍል ድረስ አልደርስ ስላለው ከሱቅ ሌላ ራውተር ገዝቶ መጣ። ከኦኤንቲው የሚመጣውን ገመድ ሰማያዊው ቀዳዳ ላይ መሰካት ሲገባው ከቢጫዎቹ አንዱ ላይ ሰካው። በዚህ አኳኋን የተሰካ ራውተር ፊቱን ወደ አቅራቢው ኔትወርክ አዙሮ አድራሻ ማደል ይጀምራል። በጋራ ቪላኑ ላይ ያሉ የሌሎች ቤቶች ሞደሞች አድራሻ ሲጠይቁ ከእውነተኛው ራውተር ቀድሞ የሚመልስላቸው እሱ ሆነ፤ ቅርብ ነዋ። የሰጣቸው አድራሻ በ192.168 የሚጀምር ነበር፣ መውጫ በር ብሎ የነገራቸውም ራሱን ነው። እሱ ጋ የደረሰ ትራፊክ የትም አይሄድም።

ከዚያ የሆነው ነገር ለጥገና ሠራተኞች ትምህርት ነው። ደንበኞች ሲደውሉ የሚነገራቸው የተለመደው ምክር «ሞደሙን አጥፍታችሁ አብሩት» የሚል ነው። ቀድሞ የያዙት ትክክለኛ አድራሻ ገና ያላለቀባቸው ቤቶች በደህና እየሠሩ ነበር። ስለ ጎረቤታቸው ሰምተው ሞደማቸውን ያጠፉና ያበሩ ሁሉ ግን አዲስ አድራሻ ለመጠየቅ ተገደዱ፣ የሐሰተኛውንም ያዙ። እያንዳንዱ «መፍትሔ» አንድ ተጨማሪ ቤት አጨለመ። በመጨረሻ ችግሩ የተገኘው መውጫ በር ነኝ ባዩን መሣሪያ ማክ አድራሻ ይዘን የኦኤልቲውን ሰንጠረዥ ስንፈልግ ነው። ነዋሪው ምንም ጥፋት አልሠራም። ኔትወርኩ የአንድ ቤት ገመድ አሰካክ የግቢውን ሁሉ ኢንተርኔት እንዲያቋርጥ አድርጎ ተሠርቶ ስለነበር ነው። ነዋሪዎችን እርስ በርስ የሚለያየው ቅንብር በኦኤልቲው አሮጌ ካርድ ላይ ነበረ፤ ካርዱ ሲቀየር ወደ አዲሱ አልተዛወረም።

ይህ ያለ ክፋት የሆነ ነው። ሆን ብሎ የሚያደርገው ሰው ሲመጣ ትራፊኩን መድረሻ አያሳጣውም፤ በራሱ በኩል አሳልፎ ወደ ኢንተርኔት ይለቀዋል። ጎረቤቶቹ ኢንተርኔታቸው ይሠራል፣ አያማርሩም። እሱ ግን የትኛው ቤት መቼ የትኛውን ድረ ገጽ እንደጠየቀ ያያል፣ የባንክን ስም የጠየቀውንም ወደ ሐሰተኛ ገጽ መምራት ይችላል።

የሥራ ባልደረቦቼ የሚያነሱትን መከራከሪያ አውቀዋለሁ። የጋራ ቪላንም ቢሆን ሐሰተኛ አድራሻ አዳዮችን በሚያግደው ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ፣ በፖርት መነጣጠል እና የመስመሩን መለያ ከአድራሻ ጥያቄው ጋር በሚያያይዘው ኦፕሽን 82 ይጠበቃል ይላሉ። ትክክል ናቸው፤ ሁሉም በትክክል ከተቀናበሩ ይጠበቃል። ቅር የሚለኝ ጥበቃው በእያንዳንዱ መሣሪያና በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ተለይቶ መብራት ያለበት መሆኑ ነው። አንዱ ቢረሳ ኔትወርኩ መሥራቱን አያቆምም፤ ጥበቃው ብቻ ይጠፋል፣ መጥፋቱንም የሚናገር ነገር የለም። በድርብ ታግ ግን የውስጥ ታጉ ካልተቀናበረ መስመሩ ጨርሶ አይሠራም። ስህተቱ በዚያው ቀን፣ ቴክኒሻኑ ከደንበኛው ቤት ሳይወጣ ይታወቃል። በሥራ ላይ ለቆየ ሰው በሁለቱ ዓይነት ስህተቶች መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። ለቴሌቪዥን ስርጭት የጋራ ቪላን መጠቀሙ ተገቢ ነው፤ አንድ ምስል ለሁሉም ስለሚላክ። ጥያቄዬ እሱን አይነካም።

አሁን ወደ ራውተሩ ልግባ፤ የግልባጩ ተቀባዮች ይህን ክፍል በጥሞና እንዲያነቡልኝ እፈልጋለሁ። ከኦኤልቲዎቹ ትራፊክ የሚቀበለው ፖርት በንዑስ ኢንተርፌሶች ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱም የትኛውን የውጪ ታግና የትኛውን የውስጥ ታግ እንደሚቀበል ይነገረዋል። የውስጡ አንድ ቁጥር ሊሆን ይችላል፣ ከዚህ እስከዚህ የሚል ክልል ሊሆን ይችላል፣ «የመጣውን ሁሉ ተቀበል» የሚልም ሊሆን ይችላል። በሲስኮ፣ በሁዋዌና በጁኒፐር ትእዛዙ ይለያያል እንጂ ሐሳቡ ያው ነው። ሦስተኛው ምርጫ ለቸኮለ ሰው ይመቻል፤ አንዴ ተጽፎ ኦኤልቲው በሙሉ ይሠራል። በዚያው ልክ ማንም ያልመዘገበው ቁጥር ይዞ የመጣም ይገባል። የቤት ደንበኞች ባሉበት ፖርት ላይ ከጀርባው መዝገብ የሚያመሳክር ነገር ሳይኖር ይህ ምርጫ መፈቀድ የለበትም።

የሚያመሳክረው ራዲየስ ሰርቨሩ ነው። ራውተሩ አንድ ደንበኛ ሊገባ ሲል ለሰርቨሩ ስምና የይለፍ ቃል ብቻ አይልክም። ጥያቄው የመጣበትን ፖርት፣ የውጪውንና የውስጡን ታግ ጭምር መላክ ይችላል። ሰርቨሩ ይህን አንብቦ «ይህ ውል በዚህ ጥንድ ላይ ነው የተመዘገበው» ብሎ ካላጣራ ድርብ ታጉ ለደንበኛው ጥበቃ ግማሽ ሥራ ነው። የተጠቃሚ ስሙ ከስልክ ቁጥር የተወሰደ፣ የይለፍ ቃሉም ለሁሉም አንድ ዓይነት በሆነበት ኔትወርክ ላይ ሠርቻለሁ። «ሌላ ሰው በእኔ ስም ገብቶ ያስወጣኛል» የሚል አቤቱታ ይመጣል፤ እውነት ነው፣ ሌላ ሰፈር ያለ ሰው በስሙ ገብቷል። መፍትሔ ተብሎ የሚሰጠው የይለፍ ቃል መቀየር ነው፣ ከወር በኋላ ያው ይመለሳል። ስሙ ከታግ ጥንዱ ጋር ሲታሰር ግን የተሰረቀ የይለፍ ቃል ከሌላ ቤት ሲሞከር ይወድቃል። ያ ሙከራ ራሱ ከየት ቤት እንደመጣም ይመዘገባል።

በሺህ ለሚቆጠሩ ቤቶች በሺህ የሚቆጠሩ ንዑስ ኢንተርፌሶችን በእጅ መጻፍ አይቻልም የሚሉ ይኖራሉ። መጻፍ አያስፈልግም። ለዚህ ሥራ የተሠሩ ራውተሮች አንድ የታግ ጥንድ ይዞ የመጣ የመጀመሪያ ፍሬም ሲደርሳቸው ለዚያ ደንበኛ የሚሆነውን ኢንተርፌስ ራሳቸው ይፈጥራሉ፣ ደንበኛው ሲወጣም ያነሱታል። ክልሉን አንዴ መወሰን፣ ራዲየሱን ማገናኘት፣ ከአንድ ጥንድ ስንት ግንኙነት እንደሚፈቀድ መገደብ ይበቃል። ይህ የመጨረሻው ገደብ እንዳይዘነጋ፤ ከአንድ ቤት ሞደም አንድ ግንኙነት ከተጠበቀ አስሩን መቀበል ራውተሩን ለጥቃት ማጋለጥ ነው።

ድርብ ታግ የተሸከመ ፍሬም መንገድ ላይ የሚጠፋባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ፤ ሁለቱም የአገልግሎት ጥራት ጉዳዮች ስለሆኑ የእናንተም ናቸው። አንደኛው እያንዳንዱ ታግ «እኔ ታግ ነኝ» ብሎ ራሱን የሚያስተዋውቅበት የ2 ባይት ቁጥር ነው። ተራው ታግ 8100 ይላል፤ 802.1ኤዲ ለውጪው ታግ 88ኤ8 ብሏል። መስፈርቱ ከመውጣቱ በፊት ግን አንዳንድ አምራቾች ለውጪው 9100ን ይጠቀሙ ነበር፣ በሁለቱም ላይ 8100 የሚያደርጉም አሉ። ኦኤልቲው በአንዱ ልኮ ራውተሩ ሌላውን ከጠበቀ ፍሬሙ እንደማይታወቅ ነገር ተቆጥሮ ይጣላል። መብራቱ አረንጓዴ ነው፣ ፋይበሩ ደህና ነው፣ ደንበኛው ግን አይገናኝም። በሁለቱም ጫፍ ያለው ቁጥር በአንድ ገጽ ላይ ተጽፎ ቢገኝ በደቂቃ የሚያልቅ ጉዳይ ነው፤ ካልተጻፈ ሁለት ክፍሎች ጥፋቱን እየተቀባበሉ ቀናት ያልፋሉ።

ሁለተኛው የፍሬሙ ርዝመት ነው፤ ደንበኞች ሳያውቁት የሚሠቃዩበት ይህ ስለሆነ ጥቂት እቆይበታለሁ። ተራ የኢተርኔት ፍሬም ከነራሱና ከነጅራቱ እስከ 1518 ባይት ይደርሳል። አንድ ታግ 1522 ያደርሰዋል፣ ሁለተኛው 1526። በማሰባሰቢያው መንገድ ላይ ከ1522 በላይ የማያሳልፍ አንድ ስዊች ብቻ ቢኖር ትንንሾቹ ፍሬሞች ሁሉ ያልፋሉ፣ ሙሉዎቹ ይጣላሉ። ስዊቹ ለላኪው «ትልቅ ነው፣ ቀንሰህ ላክ» ብሎ መልስ አይሰጥም፤ ያ የራውተር ሥራ ነው። ደንበኛው የሚያየው የቴሌግራም ጽሑፍ ሲደርስ፣ ፎቶው ሲሽከረከር ሲቀር ነው። የባንኩ ገጽ ይጀምራል፣ ግማሽ ላይ ይቆማል። ደውሎ «ኢንተርኔቱ አለም፣ የለምም» ሲል የሚሰማው ሰው አይገባውም። ቴክኒሻኑ መጥቶ ላፕቶፑን ሰክቶ ፒንግ ያደርጋል። ዊንዶውስ ካልተነገረው በስተቀር የሚልከው ፒንግ 32 ባይት ብቻ የያዘ ነው፤ ያልፋል። «መስመሩ ይሠራል» ተብሎ ቅሬታው ይዘጋል።

ትክክለኛው ፈተና ሙሉ ርዝመት ያለው፣ እንዳይቆራረጥ የታዘዘ ፒንግ መላክ ነው። ደንበኛው በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል በሚያስገባው ፒፒፒኦኢ የሚገባ ከሆነ 8 ባይት ለሱ ስለሚሄድ ከ1500 የሚቀረው 1492 ነው፤ የአይፒና የአይሲኤምፒ ራሶች 28 ሲቀነሱ 1464 ባይት የያዘ ፒንግ ማለፍ አለበት። 1460 አልፎ 1464 ከቀረ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ መንገድ ላይ ሁለተኛውን ታግ የሚሸከምበት 4 ባይት ያጣ ስዊች አለ ማለት ነው። ይህ ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ ሥራ ነው፣ መሣሪያም አይገዛለትም። አዲስ መስመር ሲረከብ በርክክብ ቅጹ ላይ አንድ ረድፍ ሆኖ ቢገባ ብዙ ቤተሰብ «ስልካችሁ ነው ችግሩ» ከመባል ይድናል።

ስለ መዝገቡ። ከቤት ኪራይ አንጻር ብታዩት አጣዳፊነቱ ይገባችኋል። በከተሞቻችን ብዙ ሰው ተከራይ ነው። አንዱ ያስገባውን መስመር ሌላው ይወርሳል፣ ውሉ በቀድሞው ስም ይቀራል፣ ክፍያው በሞባይል ይከፈላል። አቅራቢው በበኩሉ ኦኤንቲ ሲበላሽ በአዲስ ይተካል። ቴክኒሻኑ አዲሱን ሲያስገባ ቀጣዩን ነጻ የውስጥ ታግ ይሰጠዋል፤ አሮጌው ምዝገባ ሳይሰረዝ ይቀራል፣ ወይም ከወራት በኋላ ለሌላ ቤት ይሰጣል። በዚህ ላይ ከስድስት ወር በፊት ስለነበረ አንድ ምሽት ጥያቄ ሲመጣ፣ ዛሬ በዚያ ጥንድ ላይ ያለው ስም የዚያን ዕለቱ ሰው አይደለም። አሁን ያለውን ብቻ የሚያሳይ መዝገብ ሕጉ የሚፈልገውን ያህል ሊታመን አይችልም። እያንዳንዱ ጥንድ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን የየትኛው ውልና የየትኛው አድራሻ እንደነበረ፣ ማን እንደቀየረው ጭምር መጻፍ አለበት። አንድ የሕዝብ አይፒ አድራሻ ብዙ ቤቶች በሚጋሩበት አሠራር ደግሞ ግንኙነቱ የተጠቀመበት የፖርት ቁጥርም አብሮ ካልተመዘገበ ጥያቄው ከታግ ጥንዱ ሳይደርስ ይጠፋል። ይህ መዝገብ የሰዎችን ቤትና ኑሮ የሚያገናኝ ስለሆነ ማን እንደሚያየው መገደብና ያየው ሁሉ ስሙ መያዝ አለበት፤ ካለበለዚያ ለደንበኛው ጥበቃ ብለን የሠራነው በደንበኛው ላይ ይዞራል።

አንድ ወደፊት የሚመጣ ነገርም አስቡልኝ። በሞባይሉ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ከአንድ በላይ አቅራቢ አለ። በቋሚው መስመርም ፉክክር ሲመጣ በየግቢው ሁለት ሦስት ፋይበር መቅበር ለአገርም ለነዋሪም ኪሳራ ነው። የመሠረተ ልማት መጋራት በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተሰጣችሁ ኃላፊነት ነው። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2009 የተቋቋመው የመንግሥት ድርጅት ኤንቢኤን መስመሩን በጅምላ ለሌሎች አቅራቢዎች ያቀርባል እንጂ ለቤተሰብ በቀጥታ አይሸጥም። ከአቅራቢው ጋር በሚገናኝበት ነጥብ ላይ የውጪው ታግ አቅራቢው የገዛውን የጋራ አቅም፣ የውስጡ ታግ እያንዳንዱን ቤት ይለያል። ቤተሰቡ አቅራቢ ልቀይር ሲል ግድግዳ መብሳት አያስፈልግም፤ የቤቱ መስመር በቅንብር ወደ ሌላው አቅራቢ ይዛወራል። ዛሬ በጋራ ቪላን የተዘረጋ ኔትወርክ ያን ቀን ሲደርስ እንደገና መሠራት ይኖርበታል። ዛሬ በየቤቱ ጥንድ ይዞ የተዘረጋ ግን ዝግጁ ነው። ያን ወጪ መቀነስ የሚቻለው አሁን ነው።

ሁሉም በአንድ ጊዜ ይለወጥ አላልኩም። ይህን የሚያስገድድ መመሪያ ከወጣ በኋላ የሚገባው አዲስ መስመር ሁሉ በድርብ ታግ ይግባ። ነባሮቹ በየኦኤልቲው፣ ደንበኛው በሚተኛበት ሰዓት፣ በተራ ይዛወሩ፤ በመዳብ ላይ ያሉትም መስመሮቻቸውን በሚሰበስበው መሣሪያ፣ በዲስላሙ፣ በኩል በተመሳሳይ መንገድ መለየት ይችላሉ። አቅራቢዎች ሥራውን የጨረሱበትን ደረጃ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ያድርጉላችሁ፣ እናንተም ለሕዝብ ይፋ አድርጉት። ደንበኞች አቅራቢን ሲመርጡ ከፍጥነትና ከዋጋ ሌላ የሚመዝኑት ነገር ይኖራቸዋል።

ይህን ለማስጀመር አዲስ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ተቆጣጣሪዎቻችሁ በቀጣይ ወደ ማንኛውም የቋሚ ብሮድባንድ አቅራቢ ሲሄዱ ሁለት ጥያቄዎችን ይዘው እንዲሄዱ አድርጉልኝ። ከደንበኞች መዝገብ ውስጥ አንድ ውል በዕጣ ያውጡና የዚያን ቤት የውጪና የውስጥ ታግ ከነቀኑ እንዲያሳዩዋቸው ይጠይቁ። ከዚያ ራውተሩ ላይ በዚያች ሰዓት ከሚሠሩት ጥንዶች አንዱን ይምረጡና የየትኛው ቤት እንደሆነ ይጠይቁ። ሁለቱም መልሶች እዚያው ተቀምጠው ሳሉ ካልመጡ መመሪያው ዛሬ መጀመር አለበት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የኔትወርክ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ